ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም አሉ

ቅዳሜ ጠዋት ሃሴት ቁርሷን የበላችው የሹራቧን ኮፍያ እስከ ቅንድቧ አውርዳ ነው። እንዲህ መብላት ከጀመረች ሰነበተች። እናቷ ሄለና አንዴ አየት አደረገቻትና ዓይኗን ወደ ምድጃው መለሰች። አያቷ አቶ ክንፉ ዳቧቸውን ቅቤ እየቀቡ፣ ይህች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ማታም እንዲሁ ተሸፋፍና ተኝታ እንደሆነ መጠየቅ አማራቸውና ተዉት። በዚያ ቤት ስለ ፀጉር ማውራት ቀርቷል። ማበጠሪያው ከመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተነስቷል፣ የፀጉር ቅባቱም የት እንደገባ አይታወቅም፤ ማን አነሳው ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ሳን ሆሴ ውስጥ በወር ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር የሚከፈልባት ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ፣ ሦስት ሰው እየኖረባት ሰው የሌለባት መስላለች።

የሆነው ነገር አጭር ነው፤ ለመናገር ግን ያንቃል። ሃሴት የሒሳብ ፈተና ተፈትና ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። መምህሩ ውጤቷን አላመነም። ለምን እንዳላመነ በአፉ አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም። ፀጉሯ ውስጥ ትንሽዬ የጆሮ ማዳመጫ ደብቃ ከውጭ መልስ እየተነገራት ነው የሠራችው ተባለና ቢሮ ተጠራች። እዚያ ሁለት ሴቶች አስቀምጠው ሹሩባዋን ይፈቱ ጀመር። ሄለና ኦክላንድ ድረስ ወስዳት መቶ ሰማንያ ዶላር ከፍላ፣ ልጅቷ ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብላ የተሠራችውን ሹሩባ በእርሳስ ጫፍ እየፈለቀቁ አንድ በአንድ ፈቱት። ያገኙት ፀጉር ብቻ ነው። ከዚያ ብቻዋን አስቀምጠው፣ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ ሌላ ፈተና ሰጧት፤ እሱንም ደፈነችው። ወደ ክፍልሽ መመለስ ትችያለሽ አሏት። ይቅርታ የሚባል ነገር ከማንም አፍ አልወጣም። ሃሴት የቀኑን ትምህርት ጨርሳ፣ እንደዚያው እንደሆነች በአውቶቡስ ወደ ቤት መጣች። አቶ ክንፉ በሩን ሲከፍቱላት መኪና የገጫት ነበር የመሰላቸው።

በማግስቱ ርእሰ መምህሯን ለማነጋገር ሄዱ፤ ሄለና፣ አቶ ክንፉና የከተማው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀ መንበር ኤርምያስ። ኤርምያስን ማንም አልጠራውም፤ ነገር ግን የማኅበሩ የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት የሚሰጠው እዚያው ግቢ ውስጥ በነጻ በተፈቀደ ክፍል ስለሆነ ሴትዮዋን ያውቃታል። ርእሰ መምህሯ የቆዳ ወንበር ሳበችላቸው፣ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣችላቸው፤ ተቀመጡ፣ ጠጡ፣ አመሰገኑ። ከዚያ ኤርምያስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እኛ እኮ ኢትዮጵያውያን ነን ብሎ ጀመረ። የኛ ቤተሰብ ለትምህርት ነፍሱን ይሰጣል፣ የኛ ልጆች እንደ ሌሎቹ አይደሉም፣ ምናልባት ከነዚያ ጋር ተምታተውባችሁ ይሆናል አለ። «ሌሎቹ» እነማን እንደሆኑ እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሁሉ ያውቃል። የርእሰ መምህሯ ፊት በራ። ይህን ቀደም ብለን ብናውቅ ኖሮ ነገሩ እዚህ ባልደረሰ ነበር ብላ ሦስቱንም በየተራ ጨበጠቻቸው። ኤርምያስ እንደ ድል አድራጊ ወጣ፤ ሄለና እፎይ አለች። አቶ ክንፉ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ያቺ «ብናውቅ ኖሮ» የምትባል ነገር ግን ይኸው እስከ ዛሬ ከሐሳባቸው አልወጣችም። ባያውቁስ? የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ፀጉሯን በእርሳስ መፍታት ደግ ሥራ ሊሆን ነበር?

ነገሩ እዚያው ተዳፍኖ ይቀር ነበር፣ ዶክተር ቨርሊን ታልበርት የሚባሉ ሴትዮ ባይኖሩ። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ ኦክላንድ ውስጥ ያስተማሩ፣ ርእሰ መምህርም የነበሩ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ትምህርት ቤታቸው ሊዘጋ ሲል ወላጆቹን ልጆቻችሁን ከቤት እንዳታስወጡ ብለው አሳድመው ከሥራ ተባረሩ። ከዚያ ወዲህ በየቤተ ክርስቲያኑና በየቤተ መጻሕፍቱ እየዞሩ ስለ ጥቁር ልጆች ትምህርት ይናገራሉ። የሚወዷቸው ቆመው ያጨበጭቡላቸዋል፤ የማይወዷቸው፣ ከገዛ ወገኖቻቸው ጭምር፣ ንግግራቸውን ረግጠው ይወጣሉ። የኛ ሰው ደግሞ ስማቸው ሲነሳ ፊቱን ያጠቁራል፤ ከአፍሪካ የመጡት እኛ ደማችንን አፍስሰን በከፈትነው በር ገብተው በሩን መልሰው ይዘጉብናል ብለው በሬዲዮ ተናግረዋላ። ሰሞኑን ሳን ሆሴ ቤተ መጻሕፍት መጥተው ሲናገሩ፣ ስም ሳይጠሩ፣ ሹሩባዋን በእርሳስ ስለፈቱባት አንዲት ልጅ አወሩ። ቤተሰቦቿን ያስቆጣቸው የልጅቷ መዋረድ ሳይሆን ከኛ ጋር መቆጠሯ ነው ብለውም ጨመሩበት። ወሬው በአንድ ቀን ውስጥ ሐበሻውን ሁሉ አዳረሰ፣ የማን ልጅ እንደሆነችም ታወቀ። ነገ እሑድ ደግሞ ኦክላንድ ውስጥ በትልቅ አዳራሽ፣ ጋዜጠኛ ባለበት፣ ይህንኑ ሊደግሙት ነው። ርእሰ መምህሯ ለኤርምያስ ደወለች። ኤርምያስም ሽማግሌ ሰበሰበ።

አቶ ክንፉ ኮታቸውን ለብሰው በሩ ጋ ሲደርሱ ሄለና ተከትላቸው መጣች። እሷም የነርስ ልብሷን ለብሳለች፤ ፓሎ አልቶ ሆስፒታል የግማሽ ቀን ተረኛ ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባዬ፣ እባክህ ሴትዮዋን አስቁምልኝ» አለቻቸው። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ትምህርት ቤቱ ለሃሴት የሰጣትን ስኮላርሺፕ ይነጥቁኛል፣ ልጄም በየሰዉ አፍ ትገባለች ብላ ፈርታለች። አቶ ክንፉ ራሳቸውን ነቀነቁላት። የሃሴት መኝታ ቤት በር ዝግ ነበር፤ ከውስጥ ድምፅ አይሰማም።

ኤርምያስ ቤት ሻጭ ነው፤ መኪናው በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ውስጡ እንደ አዲስ ጫማ የሚሸት ነው። ፊት ወንበር ላይ አቶ ተክለጻድቅ ተቀምጠዋል። ሰማንያ የሞላቸው፣ በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ሳን ሆሴና ኦክላንድ ባሉበት ቤይ ኤሪያ ውስጥ ስንቱን ባልና ሚስት ከፍቺ የመለሱ ሰው ናቸው። ዘዴያቸው አንድ ነው። የሰው ቤት ገብተው አንቀመጥም ይላሉ፣ የመጡበት ጉዳይ እስኪሆንላቸው ድረስ። ሐበሻ ሆኖ ሽማግሌ ቤቱ ውስጥ ተገትሮ እያየ እምቢ የሚል አንጀት ያለው ሰው እስካሁን አላጋጠማቸውም። ከኋላ፣ አቶ ክንፉ አጠገብ፣ በማኅበሩ ካርድ ሰማንያ ዘጠኝ ዶላር የተገዛ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የፍራፍሬ ቅርጫት ቀበቶ ታስሮለት ተቀምጧል።

መንገዱን ሁሉ ያወራው ኤርምያስ ነው። ካስትሮ ቫሊ ውስጥ በአንድ ነጥብ አራት ሚሊዮን ስለሸጣት ቤት አወራ፣ ገዢዎቹ ዲቪ ደርሷቸው የመጡ ልጆች እንደሆኑ፣ በስምንት ዓመት እዚህ እንደደረሱ። «ስኩሉ አሪፍ ነው፣ ኔበርሁዱ ክሊን ነው» አለ፣ ክሊን ሲል እነማን የሌሉበት ማለቱ እንደሆነ ሦስቱም ስለሚያውቁት ሳያብራራ። ሄይዋርድን እንዳለፉ ስልኩ ጮኸና የርእሰ መምህሯ ድምፅ መኪናውን ሞላው። ወዳጄ ብላ ጠራችው። የናንተ ማኅበረሰብ ለሌሎቹ ምሳሌ ነው፤ በአንዲት አክቲቪስት ምክንያት የቅዳሜውን ክፍል ጉዳይ እንደገና ለማየት ባንገደድ ደስ ይለኛል አለች፣ እየሳቀች። ኤርምያስም አብሮ ሳቀ፤ እኛ እንጨርሰዋለን አላት። አቶ ክንፉ ከኋላ ሆነው የገዛ ጉልበታቸውን ጨብጠው ያዙ። ከሦስት ደቂቃ በላይ ስታወራ የልጅቷን ስም አንድ ጊዜ አላነሳችም። እንዴት ናት ብላም አልጠየቀች። ያቺ በእርሳስ የተፈለቀቀችው ልጅ ከቅዳሜው ክፍል ዋጋ ውስጥ የት ጋ እንደገባች ኤርምያስን ሊጠይቁት ፈለጉ፤ ግን መኪናው ከአውራ ጎዳናው ወርዶ ነበር።

የዶክተር ቨርሊን ቤት ምሥራቅ ኦክላንድ ውስጥ፣ ጎማ የሚጠግን ሱቅ አጠገብ ያለች ቀለሟ የለቀቀ ቤት ናት። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ፀጉራቸውን እስከ ሥሩ የተቆረጡ፣ ዳሌያቸውን በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ተደርገው በምርኩዝ የሚሄዱ ሴት። ሳሎኑ ሶፋ የለውም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የልጆች ወንበር ነው፤ ሰማያዊ፣ ፕላስቲክ፣ እግሩ ብረት። የተባረሩበት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዕቃው በጨረታ ተሸጦ፣ ወንበሮቹን እሳቸው ገዝተዋቸዋል። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ማንበብ ያስተምሩበታል። ግድግዳው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ተለጥፏል። ቁጭ በሉ አሉ ሴትዮዋ። ሦስቱ ሽማግሌዎች አመስግነው ቆሙ። እባካችሁ ቁጭ በሉ አሉ ደግመው። አቶ ተክለጻድቅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፋ አደረጉ፤ ግን ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም። ያን ሁሉ ወንበር ከብበው ሦስት ኮት የለበሱ ሰዎች ተገትረዋል፤ የተቀመጠው ኤርምያስ አንዱ ወንበር ላይ ያሳረፈው የፍራፍሬ ቅርጫት ብቻ ነበር። እንግዶቻቸው ሲቆሙ ዶክተር ቨርሊንም መቀመጥ ነውር ሆነባቸውና፣ በዚያ ገና ባልዳነ ዳሌያቸው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ።

ፊታቸው ግን ተለወጠ። «ወንበሬን የሚጸየፍ ሰው ከዚህ በፊትም መጥቶብኛል» አሉ። «ብዙ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት የተላከ ነጭ ነው። እናንተን የላካችሁ ማነው?»

አቶ ተክለጻድቅ ደነገጡ። በሕይወታቸው ሙሉ ሲቆሙ እንዲህ ተተርጉሞባቸው አያውቅም። በዚያ በጥንቱ፣ በጥንቃቄ በሚናገሩት እንግሊዝኛቸው ባህሉን አስረዱ። በኛ አገር ሽማግሌ ለምልጃ ሲሄድ የለመነው ነገር ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፣ አይበላም፣ አይጠጣም፤ መቆማችን ለእርስዎ ያለን ክብር ነው አሉ። ኤርምያስ ተቀበላቸውና ልመናውን አቀረበ፤ ነገ የልጅቷን ታሪክ እንዳያነሱ፣ ቤተሰቡ እንደተሸማቀቀ፣ ነገሩም ከትምህርት ቤቱ ጋር በሰላም እንዳለቀ። ዶክተር ቨርሊን ሳያቋርጡ ሰሙት። ከሦስታችሁ የልጅቷ ዘመድ ማነው ብለው ጠየቁ። አቶ ክንፉ አያቷ ነኝ አሉ።

ዶክተር ቨርሊን ፊታቸውን ወደ እሳቸው አዞሩ። «ታሪኩን ከማን የሰማሁት ይመስልዎታል? ከራሷ ነው። ሳን ሆሴ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ንግግሬን ልጀምር ስል ኮፍያዋን እንዳጠለቀች መጣች። እዚህ ነው የቤት ሥራዬን የምሠራው አለችኝ። ሁሉንም ነገረችኝ። ለሰው ይንገሩልኝ፣ ስሜን ግን አይጥሩብኝ አለች። ለምን ለቤተሰቦችሽ አትነግሪም ስላት፣ ቤታችን ስለሱ አይወራም አለችኝ።»

አቶ ክንፉ ልጅቷ ዲዳ የሆነች መስሏቸው ነበር፤ እሷ ግን የሚሰማት ጆሮ አጥታ የማታውቃቸው ሴት ዘንድ ሄዳለች። ከመኝታ ቤቷ እስከ እሳቸው መኝታ ቤት አንድ ግድግዳ ነው ያለው። ኤርምያስ በመሀል ገብቶ ልጅ እኮ ናት፣ ልጅ የሚበጃትን አታውቅም ምናምን ማለት ሲጀምር፣ ዶክተር ቨርሊን በምርኩዛቸው ወለሉን አንዴ መታ አድርገው አስቆሙት።

«ይህ አለመቀመጥ ጥሩ ባህል ነው» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ትምህርት ቤቱ ቢሮ ስትሄዱስ እንዲህ ቆማችሁ ነበር?»

ከጎማ ጠጋኙ ሱቅ የአየር መንፊያው ጩኸት ይሰማል። ኤርምያስ ያ ሌላ ነው አለ፣ ሌላነቱን ሊያስረዳ ጀምሮም የት እንደሚያደርሰው ጠፋው። አቶ ተክለጻድቅ የዚያን ቀን አልነበሩም። ወደ አቶ ክንፉ ዞሩና በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ «ተቀምጣችሁ ነበር እንዴ?» አሉ።

«ተቀምጠን ነበር» አሉ አቶ ክንፉ። «ገና ወንበር እንደተሳበልን። ውሃም ጠጥተናል።»

ይህን ሲናገሩ ደማቸው ፈላ። የልጅ ልጃቸውን ፀጉር የፈታ ቢሮ ውስጥ የቆዳ ወንበር ላይ ተንፈላሰው፣ የሰጧቸውን ውሃ ጠጥተው፣ አመስግነው ወጥተዋል። ለልጅቷ የተናገረች አንዲት በሽተኛ ሴት ቤት መጥተው ግን፣ ሦስት ሆነው፣ በአባቶቻቸው ባህል ተገትረውባታል። ክብሩን የሚያውቁት፣ ሥርዓቱ ትዝ የሚላቸው፣ ጉልበታቸውም የሚበረታው እዚህ ነው፤ ምንም ልታደርጋቸው በማትችል ሴት ላይ። አቶ ክንፉ በገዛ ኮታቸው አፈሩ። አጠገባቸው ያለውን ሰማያዊ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ወንበሩ ለሰባት ዓመት ልጅ የተሠራ ነው፤ ጉልበታቸው ደረታቸው ሊደርስ ምንም አልቀረው።

«ጋሽ ክንፉ፣ ምን ሆነዋል? ይነሱ እንጂ» አለ ኤርምያስ፣ በአማርኛ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«አንተ ቁም» አሉት። «ደህና አድርገህ ቁም። አልለመድከውም።»

ኤርምያስ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ማኅበሩን አዋረዱት፣ ስንት ዓመት የተለፋበትን ክፍል በአንድ ቀን አፈረሱት እያለ በሩን ከፍቶ ወጣ። አቶ ተክለጻድቅ መኪናው የእሱ ስለሆነ ሊከተሉት ተነቃነቁ፤ ከዚያ ደግሞ ተመልሰው ለሴትዮዋ አጎንብሰው እጅ ነሱ፣ ከሚገባው በላይ ቆይተው። «እኔ የተበደለ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር የመጣሁት» አሉ ለአቶ ክንፉ። «ለካስ የተበደለችው ቤት ቀርታለች» ብለው ወጡ። የፍራፍሬውን ቅርጫት ያስታወሰው አልነበረም።

አቶ ክንፉ ብቻቸውን ሲቀሩ ለዶክተር ቨርሊን የሆድ የሆዳቸውን ሊናገሩ ቃጣቸው። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ዝም ብዬ ነበር ብለው ጀመሩ። ሴትዮዋ ግን እንዲያጽናኗቸው የሚጠበቁ ዓይነት ሰው አልነበሩም። እሱን ለኔ አይንገሩኝ፣ ለሷ ይንገሯት አሉ። በሬዲዮ ስለ ስደተኞች ከተናገሩትም አንድ ቃል አልሻሩም፤ እንዲያውም ዛሬ ጨመራችሁልኝ እንጂ አልቀነሳችሁልኝም አሉ። ነገ የልጅቷን ታሪክ እናገራለሁ፣ ስሟን አልጠራም፣ እሷ አይናገሩ ካለችኝ ብቻ እተወዋለሁ አሉ። አቶ ክንፉ ደግ አደረጉ አሉ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ለምነው ጠጡና አመስግነው ተነሱ። ወደ ባቡሩ ጣቢያ ያለውን መንገድ ሴትዮዋ በምርኩዛቸው ከደጃፍ ሆነው አሳዩአቸው።

ባርት ባቡር ውስጥ ከአጠገባቸው አንዲት ጥቁር እናት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ የትንሿ ሹሩባ ጫፉ ላይ ነጭ ዶቃ አለው፣ ባቡሩ በተነቃነቀ ቁጥር ይንቀጫቀጫል። አቶ ክንፉ ዶቃውን እያዩ፣ የዚህችን ልጅ ፀጉር ቢፈቱትስ ማን የቆዳ ወንበር ይስብላት ነበር ብለው አሰቡ። ኤርምያስ «እንደ ሌሎቹ አይደሉም» ያለው ስለዚህች ልጅ ነው። እሱ ሲናገር እሳቸው ውሃ እየጠጡ ነበር። እስከ ሳን ሆሴ ድረስ ንዴቱ አልበረደላቸውም፤ እንዲበርድም አልፈለጉም።

ቤት ሲደርሱ ሄለና ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ትጠብቃቸዋለች። ስልኳ ቻርጁ አልቆ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው፤ ማንም አላገኛትም። ሽማግሌ ሲመለስ የሚጠየቀውን ነገር ታውቃለች።

«ተቀመጣችሁ?»

«ተቀመጥኩ» አሉ።

«ተመስገን። ቃል ገባችልን ማለት ነው።»

«የለም። ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።»

ሄለና አልገባትም። አቶ ክንፉ ኮታቸውን ሳያወልቁ ነገሯት። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ይሄዳሉ። ርእሰ መምህሯ የቆዳውን ወንበር ትስባለች፣ እሳቸው አይቀመጡም። ውሃ ታስመጣለች፣ አይጠጡም። ሃሴት ፈተናውን የሠራችው በገዛ ጭንቅላቷ እንደሆነ፣ የማንንም ልጅ ፀጉር እንዲያ መፍታት ነውር እንደሆነ፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው መምህር ፊት ርእሰ መምህሯ ራሷ እስክትናገር ድረስ ቢሮዋ ውስጥ ቆመው ይውላሉ። ካባረሯቸው በሩ ላይ ይቆማሉ። ማክሰኞም አለ። ኢትዮጵያዊ ነኝ የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም፤ ልጅ ናት፣ ይበቃል። ሄለና ስኮላርሺፑን አነሳች። ይንጠቁ አሉ። የአማርኛውን ክፍል አነሳች። ለልጅቷ ያልተናገርንበትን አማርኛ ምን ልታደርገው ነው የምናስተምራት አሉ። ከዚያም «እዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳን አልጠየቃትም፣ ሄለና። እኔም አልጠየቅኋት» አሉ።

ሄለና ምንም የሌለበትን ጠረጴዛ በመዳፏ መጥረግ ጀመረች። የመኝታ ቤቱ በር ተከፍቶ ሃሴት ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላወቁም። ስንት ሰዓት ነው የምትቆመው ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። እስኪናገሩ ድረስ አሏት አያቷ። ልጅቷ ቁልቁል እግራቸውን አየች።

«ጉልበትህስ፣ አባባ?»

ሄለና ነች የመለሰችው፣ ቀና ሳትል። «ሰኞ ታምሜያለሁ ብዬ ኮል ሲክ አደርጋለሁ» አለች። «ሁለት ሆነን እንቆማለን።»

«ሦስት» አለች ሃሴት። ኮፍያዋን ግን አላወለቀችም።